«ስንት አገኘህ?» ከማለት በፊት

ሰሞኑን ከአንዲት እናት የደረሰኝ ደብዳቤ ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደ ታላቅ እኅት ስለማይዎት ነው የምጽፍልዎት። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገባ። አባቱ ዶክተር እንዲሆንለት ስለሚፈልግ ናቹራል ነው የገባው። ድሮ ጎበዝ ነበር። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው። አሁን ግን እሑድ ማታ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይላል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መጽሐፍ ገልጦ ይቀመጣል፤ ገጹ ግን አይገለበጥም። ባለፈው ሳምንት ዩኒፎርሙን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ ተጣጥፋ ተጣጥፋ የክብሪት ቀፎ ያከለች ወረቀት አገኘሁ። የሒሳብ ቴስት ናት። ከ30 11 ይላል። ለአባቱ አልነገርኩም። አባቱ በሳምንት ሦስት ቀን አስጠኚ ቀጥሮለታል፤ ስልኩንም ወስዶበታል። ‹ከመቶ የሚያልፈው ስምንት ነው፤ ከስምንቱ አንዱ ካልሆንክ አለቀልህ› ይለዋል። እኔ ከ7ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ምን ልርዳው? ታናሽ እኅቱ 8ኛ ክፍል ናት። እሷ ችግር የለባትም፤ ቤቱንም የምትይዝልኝ እሷ ናት።»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ የቀረው ያቺ ወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛ ሳነበው ሌላ ነገር አየሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ልጅሽ ወረቀቷን አልጣላትም። ይህን ልብ በይልኝ። ሐይቁ አጠገባችሁ ነው፤ ቢፈልግ ውኃ ላይ ይወረውራት ነበር። ቀዳዶ መበተንም ይችል ነበር። እሱ ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ግድ የሌለው ልጅ ወረቀቱን ዴስክ ላይ ጥሎት ይወጣል። የሚደብቅ ልጅ ግን ጉዳዩ ያሳመመው ልጅ ነው። ሊያሳይሽ ፈልጎ ድፍረቱን ያጣ ይመስለኛል።

እስኪ ስለ አንድ ተማሪዬ ልንገርሽ። እሱም 11ኛ ክፍል ነበር። ፊዚክስ አልገባኝም ብሎ እኔ ጋ መጣ፤ የፊዚክስ መምህሩን ፈርቶ ነው። ቀላል ጥያቄ ሰጠሁት። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 150 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ልጁ ፎርሙላውን ወዲያው ጻፈ። ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ። ትክክል ነው። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። ጊዜን ለብቻው ማውጣት አቃተው። በመጨረሻ 60ን ለ150 አካፈለና 0.4 ሰዓት ብሎ ጻፈ። 24 ደቂቃ ማለት ነው። «ዳንግላ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አዎ።» «በ24 ደቂቃ ደረስክ?» ሳቀ። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የ150 ግማሽ ቢሆን ነው።

ያ ልጅ የጎደለው ፊዚክስ አልነበረም። የጎደለው የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አንድን ፊደል ከእኩልታው አንድ ጎን ወደ ሌላው ማሻገር። ማንም አላየለትም። በየዓመቱ ክፍሉን እያለፈ፣ ጉድጓዷን እየዘለለ 11ኛ ደረሰ። የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጠሁት። እንዳያፍር ብሎ በጋዜጣ ለበደው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያቺን ጉድጓድ ደፈናት። ከዚያ በኋላ ፊዚክሱን ራሱ ሠራው።

ይህን የነገርኩሽ በምክንያት ነው። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። መቅረቱ ብዙ ልጆችን ከመንገድ ከመቅረት አድኗል፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ልጁ የት እንዳለ በግልጽ የሚያሳይ መስታወት የለም። አራት ዓመት ረጅም ነው። የእነዚህን ልጆች ዕድሜ ደግሞ ቁጠሪው። ልጅሽ 5ኛ ክፍል ሳለ፣ መጋቢት 2012፣ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በየመሐሉ የተዘጋ ሳምንት አለ፤ በጥድፊያ የተሸፈነ ምዕራፍ አለ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከኋላው ጉድጓድ ቢኖረው አይገርመኝም። ባይኖረው ነው የሚገርመኝ። ስንፍና ብለን ከጠራነው ግን መቼም አናገኘውም።

«እኔ ምን ልርዳው?» ብለሻል። በ7ኛ ክፍል ትምህርትሽ ብዙ ነገር ትችያለሽ። የምትጀምሪው ጥያቄ በመቀየር ነው። «ስንት አገኘህ?» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። በሱ ፋንታ «የቱ ጋ ተያዝክ?» በይው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ብቻ ነው የሚያመጣልሽ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ልጁ ይደብቀዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ቦታውን ያሳይሻል። ቦታው ከታወቀ ሰው ይፈለግለታል።

እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱ አጠገብ በርጩማ አስቀምጪለት። «እስኪ ዛሬ የተማርከውን አስረዳኝ፣ እኔ አላውቀውም» በይው። የምርሽን ነው፤ አታውቂውም። ልጁ ላላወቀ ሰው ሲያስረዳ የገባውና ያልገባው ለራሱ ይለይለታል። ምላሱ የሚተሳሰርበት ቦታ አለ። «እንትን… እሱ እንኳ… ዝም ብሎ ነው» የሚልበት። እዚያ ጋ አታርሚው፣ አትቆጪው። «እዚህች ጋ ምልክት አድርግ፣ ነገ መምህሩን ጠይቅ» ብቻ በይው። አስር ደቂቃ ይበቃል። ገጹን ደጋግሞ ከማንበብ መጽሐፉን ከድኖ ያስታወሰውን መናገር ወይም መጻፍ ነው አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው። ሌሊቱን ሙሉ ገጹ የማይገለበጠው ልጅ እያጠና አይደለም፤ እየተጨነቀ ነው።

ወረቀቷን እንዳገኘሽ ንገሪው። ደብቀሽ አትያዢበት። ዘርግተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና «አሥራ አንዱን አይቻለሁ። አሥራ ዘጠኙ የት የት እንደሄደ አብረን እንይ» በይው። የሚያለቅስ ከሆነ ይልቀስ።

አሁን ወደ አባቱ ልምጣ። ባለቤትሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ፈርቷል። የሰማው ቁጥርም እውነት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ማንም ወላጅ ይህን ሰምቶ ሆዱ ባር ባር ቢለው አልፈርድበትም። ነገር ግን ቁጥሩን የተረጎመበት መንገድ ትክክል አይደለም። ፈተናው ስምንት ወንበር አስቀምጦ መቶ ልጆችን አያሻማም። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣ ሁሉ ያልፋል። መቶውም ቢያመጡ መቶውም ያልፋሉ። ስለዚህ ልጅሽ ለማለፍ ከጓደኞቹ ጋር እየተሻማ አይደለም። ጎረቤት ካሉ የክፍሉ ልጆች ጋር አብሮ ቢያጠና ከማንም አፍ አይነጥቅም። ይህን ለባለቤትሽ ረጋ ብለሽ ንገሪው። ከመቶ ዘጠና በላይ ልጅ የሚወድቅበት ፈተና ስለ አንድ ልጅ ስንፍና አይናገርም፤ እንዴት እንዳስተማርናቸው ነው የሚናገረው።

«አለቀልህ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከቤታችሁ አውጡት፤ እውነትም አይደለም። ግማሽ ሳያመጡ የቀሩ፣ ግን ትምህርት ሚኒስቴር የሚቆርጠውን ነጥብ ያገኙ ልጆች በሬሜዲያል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ራሳቸውን የሚያሻሽሉበት ዕድል አለ። በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ልጁ እነዚህን በሮች ዛሬ ቢያውቅ አይሰንፍም። ወደኋላው ገደል እንደሌለ የሚያውቅ ልጅ ነው ወደፊት ደፍሮ የሚራመድ።

ስለ ናቹራልና ሶሻል አንድ ነገር ብቻ ልበል። ምርጫው የልጁ ካልሆነ መጽሐፉን የሚገልጠው የአባቱን ሕልም ለማንበብ ነው፤ ይህ ይከብዳል። አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ መቀየር ከፈለገም ጊዜው ሳያልፍ ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ። እንግሊዝኛና ሒሳብ ግን የትም ቢገባ ይከተሉታል። የሒሳቡን ጉድጓድ ሶሻል ሄዶ አያመልጠውም።

አስጠኚውን አታባርሩት። ነገር ግን ምን እንደሚያስጠና እወቁ። ብዙ አስጠኚዎች ክፍል ውስጥ የተሰጠውን የቤት ሥራ አብረው ሠርተው ይሄዳሉ። ይህ ዛሬን ያሳልፋል እንጂ የትናንቱን አይሞላም። ከሦስቱ ቀን አንዱን ለ7ኛ፣ ለ8ኛ፣ ለ9ኛ ክፍል ሒሳብ ብቻ አድርግልን በሉት። ልጁ ካፈረ መጽሐፉን በጋዜጣ ለብዱለት።

እንቅልፍ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የቀኑን ትምህርት አእምሮው የሚያደላድለው ተኝቶ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ይጎድልበታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መጽሐፉን ይዝጋ። ከፈለገ ንጋት ላይ ቀዝቀዝ ሲል ይነሣ፤ የመጋቢትና የሚያዝያን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ማንም ልጅ ላይ ልብ አይተርፍም። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ነውና ቻርጅ የሚደረግ መብራት አንድ ግዙለት። ለአስጠኚ በወር ከምትከፍሉት በታች ነው ዋጋው።

ስልኩን በሙሉ መውሰድ ጥሩ መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። መጽሐፍ በማይዳረስበት ጊዜ ልጆቹ የመማሪያ መጽሐፉንና የድሮ ፈተናዎችን የሚያገኙት በቴሌግራም ነው። ይልቅ ማታ ስልኩ እናንተ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ይደር። የእናንተም አብሮ ይደር፤ አባቱ አልጋው ላይ ቲክቶክ እያየ ልጁን ቢከለክለው አይሰማውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከተማችን ውስጥ «ለጥናት ያነቃል» ተብሎ ጫት የሚጀመረው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። የማውቃቸው ልጆች አሉ። ሌሊቱን ሲያነቡ አድረው ጠዋት ፈተናው ላይ ያነበቡት የሚጠፋባቸው። ቤታችሁ የሚቃም ሰው ካለ ልጁ ያየዋል። በግልጽ አነጋግሩት።

የእሑዱ ሆድ ቁርጠት ውሸት አይደለም፤ ጭንቀት ሆድን ያማል። በየሳምንቱ ከቀጠለ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሌላ ነገር እንደሌለ ሐኪም ይይልሽ። መብላት ካቆመ፣ ከሰው ከራቀ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ዓይነት ቃል ከወጣው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ።

ትምህርት ቤቱስ? ካርድ እስኪሰጥ አትጠብቂ። የካርድ ቀን ወላጅ ተሰልፎ ቁጥር ሰምቶ ነው የሚመለሰው። ሌላ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀቷን ይዘሽ ስም ጠሪ መምህሩንና የሒሳብ መምህሩን አግኚ። «ልጄ ለምን ወደቀ?» አትበያቸው፤ መምህሩም እንዳንቺው ይከላከላል። «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የተሰናከለው? ከየትኛው ክፍል ይጀምር?» በያቸው። መምህር ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል፤ እኔ አውቀዋለሁ። በዘመኔ ስንት ወላጅ እንደጠየቀኝ በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ።

ይህን የምታነቡ መምህራንና ርእሰ መምህራን ካላችሁ ለእናንተም ቃል አለኝ። እኔም ያጠፋሁት ነውና በቁጣ አይደለም የምናገረው። ለዓመታት የተማሪዎቼን ደረጃ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ያበረታታል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ አንዲት ልጅ ተመልሳ መጥታ ከታች ወደ ላይ ስሟን ስትፈልግ አየኋት። ከታች ነው የጀመረችው። በማግስቱ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ዳግመኛም አልለጠፍኩም።

በግድግዳው ወረቀት ምትክ ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል። 9ኛና 11ኛ ክፍል ሲገቡ፣ ገና በመስከረም፣ ከታችኛው ክፍል የተውጣጡ ጥያቄዎች ያሉበት አንድ ወረቀት ስጧቸው። ማርክ የሌለው። ለማወቅ ብቻ። ቴስት ስትመልሱ ደግሞ ቁጥሩን ጠርታችሁ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አትለፉ። ብዙ ልጅ የሳተውን አንድ ጥያቄ መርጣችሁ ሰሌዳው ላይ አብራችሁ ሥሩት፤ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። የቅዳሜው ማጠናከሪያ 70 ልጅ አንድ ክፍል ታጭቆ ኖት የሚገለብጥበት ከሆነ ልጆቹ ቤታቸው ተኝተው ቢያርፉ ይሻላል። በትናንሽ ቡድን ይሁን። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳና ፖሊ፣ የሚማሩ ስንት ልጆች እዚሁ ከተማችን አሉ፤ ከእነሱ መካከል ቅዳሜ ጠዋት ለአምስት ለስድስት ልጅ ሒሳብ ለማስረዳት እሺ የሚል አይጠፋም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ይህ አጀንዳ ይሁን። አጥርና መዋጮ ብቻ አይሁን የምንነጋገረው።

ለ12ኛ ክፍል ደግሞ ከአሁኑ የሚለመድ ነገር አለ። ከ2014 ፈተና ጀምሮ ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች ለቀናት ከቤት ወጥተው ዶርም ያድራሉ፤ ስልክ የለም፣ እናት የለችም። ልብሱን አጥቦ የማያውቅ፣ ሳይቀሰቅሱት የማይነሣ ልጅ ፈተናውን የሚጀምረው በሌላ ጭንቀት ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮምፒውተር መፈተን ተጀምሯል፤ ረጅም ጥያቄ ስክሪን ላይ ማንበብ መልመድ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ካለው ቁልፉ ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ አይደር።

ልብሱን የማጠብ ነገር ከተነሣ፣ ቅድም መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ ያልኩሽ ይኸው።

ስለ ልጅሽ ይህን ሁሉ ጻፍሽልኝ። ስለ እኅቱ ግን አንድ መስመር። «እሷ ችግር የለባትም፤ ቤቱንም የምትይዝልኝ እሷ ናት።» እኅቴ፣ 8ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ሚኒስትሪ አለባት። እሱ መጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ እሷ ዕቃ ታጥባለች። እሱን አስጠኚ ሲያስጠናው እሷ ቡና ታፈላለች፤ ለአስጠኚውም ጭምር። ችግር የለባትም ማለት አልተናገረችም ማለት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አምልጧት ከሆነ ሦስት ዓመት ቆይቶ 11ኛ ክፍል ላይ ኪሷ ውስጥ ተጣጥፎ የምታገኚው ያንን ነው። ስታጥቢም ላታገኚው ትችያለሽ፤ ልብሷን የምታጥበው ራሷ ናትና።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም በዚያው ቤት ነው ያደግሁት፤ ወንድሞቼ ሲያነቡ ኩራዙን የማቀርብ እኔ ነበርኩ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሪ። ዕቃውን አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ ይጠቡ። ዩኒፎርሙን ራሱ ይጠብ፤ ዶርም ሲሄድ ይጠቅመዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የሆድ ቁርጠት ከመምጣቱ በፊት፣ ሁለቱንም ይዘሽ ሐይቁ ዳር ውረጂ። መጽሐፍ አትያዙ። አንድ ሰዓት ነፋስ ይምታችሁ። ስትመለሱ ምጣዱን ስታሰሚ ያ በርጩማ ይውጣ። አጠገቡ ለእሷም አንድ አስቀምጪላት። «አንቺስ፣ የቱ ጋ ተያዝሽ?» ብለሽ ጠይቂያትና የምትልሽን ጻፊልኝ።